የድረ ገጽ ቅለት ወሰኑ የት ላይ ነው?

ገጽ ሠሪው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ለአንድ የሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። አባላቱ በገጹ አማካይነት ቁጠባቸውን ያያሉ፣ ለሌላ አባል ገንዘብ ያስተላልፋሉ፣ ብድር ይጠይቃሉ፣ ለሌላ ሰው ብድርም ዋስ ይሆናሉ። እስከ አሁን ይህ ሁሉ ይከናወን የነበረው ቢሮ በመምጣትና ቅጽ በመሙላት ስለነበረ፣ የሥራ አመራር ኮሚቴው የሰጠኝ ዋና መመሪያ ማንም አባል ሰው ሳይጠይቅ የሚጠቀምበት፣ ሁሉም ጉዳይ በአንድ ገጽና በአንድ ንክኪ የሚያልቅበት ድረ ገጽ እንዲሆን ነው።

የመመሪያውን የመጀመሪያ ክፍል ያለ ቅሬታ እቀበላለሁ። ሁለተኛው ግን ያሳስበኛል፤ ቁጠባን ማየት በአንድ ንክኪ መሆኑ ተገቢ ቢሆንም፣ ብድር መጠየቅ ወይም ለሰው ዋስ መሆን በዚያው ፍጥነት መከናወኑ ትክክል አይመስለኝም። አብሮኝ የሚሠራው ባልደረባዬ ደግሞ የሚጨመረው እያንዳንዱ ገጽ አባሉ አቋርጦ የሚወጣበት በር ነው ብሎ ይከራከራል፤ በተለይ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ ላለ አባል ሁለተኛው ገጽ ጨርሶ ሳይከፈት ሊቀር እንደሚችል ያነሳው ነጥብ እውነት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ የሠራችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ገጽ በየቀኑ የምትጠቀሙ፣ የትኛው ድርጊት እንዲቀል የትኛው ደግሞ ጥቂት እንዲዘገይ የምትወስኑት በምን መለያ ነው? ለኮሚቴው "እኔ እንዲህ ይሰማኛል" ከማለት ያለፈ ማስረጃ ይዤ ለመቅረብ እፈልጋለሁ።

ቀለም ቀንድ

እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ መልሶ ማስተካከል ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ነው። መመለስ የሚቻል ነገር የቱንም ያህል ቢቀል ጉዳት የለውም። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም ተጠቃሚ ያቀረበው የተላከን መልእክት የማስቀረት አገልግሎት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ላኪውን በየመልእክቱ "እርግጠኛ ነዎት?" እያሉ ከመነዝነዝ ይልቅ፣ መልእክቱ ለጥቂት ሰከንድ ተይዞ ይቆይና ላኪው ሐሳቡን ከለወጠ ሳይሄድ ይቀርለታል። በተቃራኒው ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን በሚያስቀምጡበት በጊትሀብ ላይ አንድ ሙሉ የፕሮግራም ማከማቻ ለመሰረዝ የሚፈልግ ሰው የማከማቻውን ስም ፊደል በፊደል በእጁ እንዲጽፍ ይገደዳል። ሁለቱንም የሠሩት ሰዎች ስለ አጠቃቀም ቅለት ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው፤ አንዱ ያፈጠነበትና ሌላው ያዘገየበት ምክንያት የስህተቱ ዋጋ ስለሚለያይ ነው።

ለኮሚቴው የሚቀርብ ማስረጃ ከፈለጉ፣ ደብሊው ስሪ ሲ የተባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ደረጃ አውጪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባጸደቀው የተደራሽነት (ማለትም ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞችም እንዲመች የሚያደርግ) መመሪያ ውስጥ 3.3.4 የሚል ቁጥር የተሰጠው መስፈርት አለ። መስፈርቱ ሕጋዊ ግዴታ ወይም የገንዘብ ዝውውር የሚያስከትል ገጽ ከሦስት ነገሮች ቢያንስ አንዱን እንዲያሟላ ይጠይቃል፤ ይኸውም የተላከው ነገር መመለስ የሚችል እንዲሆን፣ ወይም የገባው መረጃ ተመርምሮ ስህተት ሲገኝ ተጠቃሚው እንዲያርመው ዕድል እንዲሰጠው፣ ወይም ከመጨረሻው ውሳኔ በፊት ሁሉን አይቶ የሚያረጋግጥበትና የሚያስተካክልበት ቦታ እንዲኖር ነው። መመሪያው በኋላ ቢሻሻልም ይህ መስፈርት እስከ ዛሬ እንዳለ ነው።

ነገር ግን ማረጋገጫ ሲባል "እርግጠኛ ነዎት? አዎ / አይ" የምትለዋን ትንሽ ሳጥን ማለት እንዳይመስልዎት። ያቺ ሳጥን የምትጠቅመው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጣት በራሱ ይለምዳትና ዓይን ሳያነባት "አዎ" ይነካል። የሚሠራው ማረጋገጫ ሊፈጸም ያለውን ነገር በዝርዝር መልሶ ለተጠቃሚው የሚነግር ነው። የገንዘብ ማስተላለፊያ ገጽዎን እንውሰድ። አባሉ የተቀባዩን የአባልነት ቁጥርና መጠኑን ካስገባ በኋላ የሚቀርብለት ገጽ ላይ የተቀባዩ ሙሉ ስም በትልቁ ይጻፍ፣ መጠኑ ሺዎቹ በነጠላ ሰረዝ ተለይተው ይታዩ፣ ከሥሩ በፊደል "አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር" ይባል፣ አዝራሩም "እሺ" ወይም "ቀጥል" በማለት ፈንታ "12,500 ብር ላክ" የሚል ይሁን። 1,250 ለመጻፍ አስቦ አንድ ዜሮ የጨመረ ሰው ስህተቱን የሚያገኘው ሊነካው ባለው አዝራር ላይ ነው፤ ዓይኑ በግድ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና።

የተቀባይን ስም ማሳየት በአገራችን የባንክና የሞባይል ገንዘብ መተግበሪያዎች ላይ የተለመደ በመሆኑ አባላትዎ ይጠብቁታል። በእንግሊዝ አገር ትልልቆቹ ባንኮች ስምን ከሒሳብ ቁጥር ጋር ማመሳከር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን፣ በዩሮ ተጠቃሚ አገሮች ደግሞ ግዴታ የሆነው ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ነው። ይህች አንዲት ተጨማሪ መስመር ሥራውን ታዘገያለች ብሎ የሚያነሳት ኮሚቴ ካለ አጥብቀው ይከራከሩት።

ብድርን በተመለከተ ደግሞ የጀርመንን ሕግ ቢጠቅሱላቸው ይጠቅማል። ከኦገስት 1 ቀን 2012 ጀምሮ በዚያ አገር ለሸማች በኢንተርኔት የሚሸጥ ድርጅት የመጨረሻው አዝራር ላይ ክፍያ የሚያስገድድ ትእዛዝ መሆኑን በግልጽ መጻፍ አለበት፤ "ቀጥል" ወይም "ተመዝገብ" ብቻ ከተባለ ውሉ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። ሰውየው ምን ውስጥ እየገባ እንደሆነ ሳያውቅ ያሳለፈው ቀላል ገጽ በሕግ ፊት ዋጋ ያጣል ማለት ነው። የእርስዎ ገጽ ላይም የወር ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ለስንት ወር እንደሚቆይ፣ በድምሩ ስንት ብር ተመልሶ እንደሚከፈል ከአዝራሩ በላይ፣ ሳይደበቅ በሚነበብ ፊደል ይቀመጥ።

አድማጭ ተጠቃሚ

ከላይ በተሰጠው መልስ አብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም በእኛ አገር ድረ ገጾች ላይ ስለ ቅለት ወሰን ከመነጋገራችን በፊት ገና ያልቀለለው ነገር ብዙ መሆኑን ማንም እንዳይረሳ እለምናለሁ። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ድረ ገጽ የምጠቀመው ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብልኝ ስክሪን ሪደር ነው።

በቅርቡ የአንድ መሥሪያ ቤት የማመልከቻ ቅጽ ስሞላ የልደት ቀን የሚገባው በሰንጠረዥ መልክ በተሠራ የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነበር። መጻፍ አይፈቀድም፤ ከያዝነው ወር ተነስቶ ወደ ኋላ ወር በወር እየተጫኑ እስከ ትውልድ ዓመት መድረስ ያስፈልጋል፤ አቆጣጠሩም የፈረንጆቹ ነው። እዚያ ስደርስ ደግሞ የገጹ ጊዜ አለፈና የሞላሁት ሁሉ ጠፋ። ይህ መዘግየት ማንንም ከምንም አልጠበቀም። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ሳጥን የሚጻፍበት፣ አቆጣጠሩም የሚመረጥበት ቅጽ ለማየት ለሚችለውም ለማይችለውም ያንኑ ያህል ይፈጥናል።

ለጠያቂው የምለው፣ መዘግየት የሚገባውን ቦታ ከመምረጥዎ በፊት ያለ ምክንያት የሚያዘገየውን ሁሉ ነቅለው ያውጡ። የሰው ስም "ስም" እና "የቤተሰብ ስም" ተብሎ አይከፈል፤ የእኛ አባል ስሙ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው። የይለፍ ቃል ሳጥን ውስጥ ኮፒ አድርጎ መለጠፍን አይከልክሉ፤ ቀለም ቀንድ የጠቀሰው የተደራሽነት መመሪያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 በወጣው 2.2 እትሙ፣ መግቢያ ገጽ የሰውን የማስታወስ ችሎታ ብቸኛ መንገድ እንዳያደርግ የሚል አዲስ መስፈርት የጨመረው በዚህ ምክንያት ነው። ስህተት ሲኖር ሳጥኑን በቀይ መክበብ ለእኔ ምንም አይነግረኝም፤ የትኛው ሳጥን ላይ ምን እንደጎደለ በጽሑፍ ይባል።

አንድ ነገር ግን ከቀለም ቀንድ ጋር አልስማማም። የተላከን መልሶ ማስቀረት ከማረጋገጫ ገጽ ይሻላል የሚለው፣ ማያ ገጹን በአንድ ጊዜ ለሚያየው ሰው እውነት ነው። "ተልኳል፤ ይመለስ?" የሚለው መልእክት ከታች በኩል ብቅ ብሎ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ሲጠፋ፣ ስክሪን ሪደሩ ገና መልእክቱን አንብቦ ሳይጨርስ ዕድሉ ያልፈኛል። ጂሜይል ላይ ጊዜውን እስከ ሠላሳ ሰከንድ ማራዘም ይቻላል፤ ይህን ማስተካከያ ፈልጎ ያገኘ ሰው ይጠቅመዋል፣ ያላወቀው ግን ይጎዳል። ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ቦታ እኔ ማረጋገጫ ገጹን እመርጣለሁ፤ ረጋ ብዬ አዳምጬ የምወስንበት ጊዜ ይሰጠኛልና።

የሒሳብ ክፍል

ወንድሜ፣ እስከ አሁን የተባለው ሁሉ ስለ አባላቱ ነው፤ እኔ ደግሞ በሌላኛው በኩል ስለምንቀመጠው ሠራተኞች ልናገር። በአንድ ተመሳሳይ ማኅበር ውስጥ የአባላትን ወርሃዊ መዋጮ ወደ ሲስተም የማስገባ ሰው ነኝ። ወሩ ሲያልቅ ከየመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ተቀናሽ ዝርዝር በወረቀት ይመጣልኛል፤ አንዱ ዝርዝር በመቶዎች የሚቆጠር ስም ሊይዝ ይችላል።

የቀድሞው ገጻችን አስቀያሚ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሙሉ ዝርዝር በአንድ ማያ ገጽ ላይ ይታይ ነበር፣ ከሳጥን ወደ ሳጥንም በታብ ቁልፍ እየተሻገርኩ እጄን ከኪቦርዱ ሳላነሳ እጨርሰው ነበር። ከዚያ ለአጠቃቀም ቀላል ይሁን ተብሎ አዲስ ተሠራ። አሁን ለእያንዳንዱ አባል ለብቻው አንድ ገጽ ይከፈታል፤ በትልልቅ ፊደል "የአባሉን ቁጥር ያስገቡ" ይለኛል፤ ቀጥሎ "መጠኑን ያስገቡ" ይላል፤ ከዚያ "በተሳካ ሁኔታ ተመዝግቧል" የሚል አረንጓዴ ሳጥን ይመጣና እስክዘጋው ድረስ ይቆያል። በመጀመሪያው ቀን ማንም አዲስ ሰው ያለ ሥልጠና ይሠራበታል፣ ይህን አልክድም። ሥራውን ለምዶ በየወሩ ለሚሠራው ሰው ግን እያንዳንዱ ስም ላይ ያንኑ መመሪያ ማንበብና ያንኑ ሳጥን መዝጋት ሸክም ነው፤ ሲደክመኝም የምሳሳተው እዚያው ላይ ነው።

በዚህ መስክ ስሙ የሚነሳው ያኮብ ኒልሰን የአጠቃቀምን ጥራት በአምስት ነገሮች ሲከፍለው፣ ለመልመድ መቅለል አንዱ፣ ከለመዱት በኋላ በፍጥነት መሥራት መቻል ሌላው ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። የእርስዎ አባል በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚከፍተው ገጽ የመጀመሪያው ይቅደም፤ ለእኛ ለሠራተኞቹ ግን ሁለተኛውን ያስቀድሙልን። ጥቂት ቀን ሠልጥኜ ለዓመታት በፍጥነት ብሠራ እመርጣለሁ።

ስህተትን ለመከላከልም በየመስመሩ ማረጋገጫ አይጠይቁን። የሒሳብ ሰው የሚያውቀው የቆየ ዘዴ አለ፤ ዝርዝሩ ከመጀመሩ በፊት ወረቀቱ ላይ ያለው ጠቅላላ ድምርና የሰዎቹ ብዛት ይገባል፣ ሁሉም ከገባ በኋላ ሲስተሙ የራሱን ድምር ከዚያ ጋር ያመሳክራል፣ ካልተገጣጠመ ልዩነቱን አሳይቶ ማጽደቅን ይከለክላል። ልዩነቱ ከአንድ አባል መዋጮ ጋር እኩል ከሆነ አንድ ሰው እንደዘለልኩ ወዲያው አውቃለሁ። በዚህ መንገድ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንቆማለን፤ የምንቆመውም ስህተቱ በሚታይበት ቦታ ነው።

ገጽ ሠሪው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሠራተኞቹን ገጽ ከአባላቱ ለይቼ ማሰብ እንዳለብኝ አሁን ተረድቻለሁ፤ የድምር ማመሳከሪያውንም በቀጥታ እወስደዋለሁ። አንድ ጉዳይ ግን ገና አልተነካም። ኮሚቴው የዋስትና ማጽደቂያው በአጭር መልእክት እንዲሆን ይፈልጋል፤ ተበዳሪው የዋሱን ስልክ ያስገባል፣ ለዋሱ ሊንክ ይላክለታል፣ ሊንኩን ሲነካው ዋስትናው እንደጸደቀ ይቆጠራል። ይህ ለተበዳሪው በጣም ቀላል ነው። እኔ ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ክፍል ነው። ከማኅበሩ መውጣትን በተመለከተ ደግሞ "ለሱ ቢሮ ይምጡ" ተብሏል።

ከሜሪላንድ

የዋስትናው ጉዳይ ከሁሉም የሚከብድ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቅለቱን የሚያገኘው አንድ ሰው ሆኖ ዕዳውን የሚሸከመው ሌላ ሰው ነው። ገንዘብ ሲያስተላልፍ የተሳሳተ አባል የሚጎዳው በራሱ ገንዘብ ነው፤ እዚህ ግን ተበዳሪው ባልከፈለ ጊዜ ቁጠባው የሚያዝበት ዋሱ ነው።

ዋትስአፕ መልእክት ማስተላለፍን የገደበበት ታሪክ ከዚህ ጋር ይገናኛል። ማስተላለፊያው እጅግ ቀላል ስለነበረ አንድ ሰው በአንድ ንክኪ ለብዙ ቡድኖች የሐሰት ወሬ ያደርስ ነበር፤ በህንድ እ.ኤ.አ. በ2018 በሐሰት ወሬ የተነሣ ሰዎች በደቦ ከተገደሉ በኋላ፣ ድርጅቱ በዚያው አገር አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ሊተላለፍ የሚችለውን ወደ አምስት ንግግር ዝቅ አደረገ፤ በ2019 ገደቡን በመላው ዓለም ተግባራዊ አደረገ፤ በኤፕሪል 2020 ደግሞ ብዙ ጊዜ የተዘዋወረ መልእክት ወደ አንድ ንግግር ብቻ እንዲሄድ ወሰነ። ለአስተላላፊው የነበረው ምቾት እንዲቀንስ የተደረገው ጉዳቱ የሚደርሰው አስተላላፊው በማያውቀው ሰው ላይ ስለነበረ ነው። እርስዎም ኮሚቴውን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ይህ ቅለት ለማን ነው? ስህተቱንስ የሚከፍለው ማን ነው? ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ከሆኑ፣ የከፋዩ ፈቃድ በራሱ ገጽ ላይ፣ በራሱ መለያ ገብቶ፣ ሙሉውን አንብቦ የሚሰጥ መሆን አለበት።

በተግባር ሊንኩን መንካት ብቻውን ምንም ነገር እንዳያጸድቅ ያድርጉ። አንዳንድ ስልኮችና መተግበሪያዎች ቅድመ እይታ ለማሳየት ሲሉ ሊንክን በራሳቸው ይከፍታሉ፤ ሰውየው ሳይነካው እንኳ ዋስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሊንኩ ወደ መግቢያ ገጹ ይውሰደው፤ ከገባ በኋላ ተበዳሪው ማን እንደሆነ፣ የተጠየቀው ስንት እንደሆነ፣ ተበዳሪው ካቆመ ከእሱ ቁጠባ እስከ ስንት ብር ሊያዝ እንደሚችል በቁጥር ይታየው። "አልቀበልም" የሚለው አዝራር ከ"ዋስ እሆናለሁ" ጋር እኩል ይታይ፤ የእምቢታውም ምክንያት አይጠየቅ። ሰው ፊት ለፊት "እምቢ" ማለት የሚያፍርበት ጉዳይ ስለሆነ ገጹ ላይ ሊቀለው ይገባል።

ከማኅበሩ መውጣትን በተመለከተ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አማዞንን የከሰሰበትን ጉዳይ ላንሳ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ባቀረበው ክስ፣ ፕራይም ለተባለው የአባልነት አገልግሎት መመዝገብ በአንድና በሁለት ክሊክ ሲያልቅ፣ መሰረዝ ግን አራት ገጽ፣ ስድስት ክሊክና አሥራ አምስት ምርጫ የሚያልፍ እንደነበረ ዘርዝሯል። ኩባንያው የመሰረዣውን መንገድ ያሳጠረው ክሱ ሊቀርብ ጥቂት ሲቀረው ነበር፤ ጉዳዩም በሴፕቴምበር 2025 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። የማኅበር አባልነት መተዳደሪያ ደንብና የዕዳ ማጣራት ስላለበት በአንድ ንክኪ ይውጣ አልልም። ነገር ግን ጥያቄውን በገጹ ማቅረብ፣ የቀረውን ዕዳና የሚመለስለትን ቁጠባ ማየት፣ ጥያቄው የደረሰበትን መከታተል መቻል አለበት። ለመግባት ስልክ የበቃው ሰው ለመውጣት ከወረዳ ወደ ከተማ እንዲመጣ ማድረግ፣ ጥንቃቄ የሚል ስም ቢሰጠውም አባሉን ማጉላላት ነው።

ቀለም ቀንድ

በዋስትናው ላይ ከሜሪላንድ በተጻፈው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አድማጭ ተጠቃሚ ስለ ማስቀረቻው ጊዜ ያነሱትም ትክክል ነው፤ ለገንዘብ ማረጋገጫ ገጹ ይሁን፣ ማስቀረቻው መልሶ ሊጻፍ ለሚችል ነገር ብቻ ይዋል።

ስለ አጭር መልእክቱ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ልጨምር። በላቲን ፊደል የተጻፈ አጭር መልእክት በአንድ ክፍል 160 ምልክት ሲይዝ፣ በእኛ ፊደል የተጻፈ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ ይላካል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ሰላምታውንና የማኅበሩን ሙሉ ስም ትታችሁ የተበዳሪውን ስምና መጠኑን አስቀድሙ። ለምሳሌ "አቶ እገሌ ለ80,000 ብር ብድር ዋስ እንዲሆኑ ጠይቀዋል፤ ገብተው ይወስኑ" የሚለው ከነክፍተቱ ከ60 ምልክት አያልፍም። ሊንኩ ካልገባበትም ይቅር፤ አባሉ የማኅበሩን ገጽ አድራሻ ያውቀዋል፣ በመልእክት የመጣ ሊንክ ሁሉ እንዳይነካ ማስለመዱም ከአጭበርባሪ ይጠብቀዋል።

ገጽ ሠሪው (ጠያቂ)

ሊንኩን አውጥቼዋለሁ። ለኮሚቴው የማቀርበው ሦስት ገጾችን በወረቀት አትሜ ነው፤ የማስተላለፊያው ማረጋገጫ፣ የብድሩ ማጠቃለያና የዋሱ ገጽ። ከኮሚቴው አባላት ሁለቱ ራሳቸው ለሌሎች ዋስ ስለሆኑ፣ ሦስተኛውን ገጽ በቅድሚያ በእነሱ እጅ አስይዤ ሲያነቡት ማየት እፈልጋለሁ። የሠራተኞቹን ገጽ በተመለከተ ለሒሳብ ክፍል እህታችን፣ የድምር ልዩነቱ ሲመጣ ከላይ ይታይ ወይስ ከዝርዝሩ ሥር?

የሒሳብ ክፍል

ከሥር፣ ድምሩ በሚጻፍበት መስመር ላይ። ዓይናችን የለመደው እዚያ ነው። ስፈልግም ከዝርዝሩ ውስጥ ከልዩነቱ ጋር እኩል የሆነውን መዋጮ እንዲፈልግልኝ ቢያደርጉልኝ ሥራዬን በግማሽ ያቀሉልኛል።